የአቴና ጋዜጣ በናዝሬት ግድግዳ ላይ

አንድ ሰው «ሕይወቴን የለወጠው ቀን» ብሎ ሲጀምር የሚሰማው ሰው ወይ መኪና ሊገለበጥ ነው፣ ወይ ፍቅር ሊይዘው ነው ብሎ ጆሮውን ያቆማል። እኔ ጋ ይህ ሁሉ የለም። የእኔን ሕይወት የለወጠው አራት ማኒላ ወረቀትና አንድ ቀይ ፍሎማስተር ነው። ከአሁኑ መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ፤ ቅር አይለኝም። ባለቤቴም ከተጋባን ጀምሮ ሲስቅብኝ ኖሯል።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። የዛሬዋ አዳማ ያኔ ናዝሬት ነበረች። ሙቀቷና አቧራዋ ያው የዛሬው ነው፤ ባጃጅ ግን የለም፤ ጋሪ ነበር ሁሉንም የሚያደርሰው። አባቴ ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጣል። እኔ አስቴር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ እጅ ጽሑፌ ያማረ፣ አፌ ግን የማያርፍ። ሌሎች እናቶች ልጃቸውን «አፍሽን ዝጊ፣ ነውር ነው» ሲሉ የእኔ እናት «አፍሽን ዝጊ፣ ሰው ታስፈጂያለሽ» ትለኝ ነበር። ወይ እናቴ! ለካ ትንቢት ነበር የምትናገረው።

ታሪክ የሚያስተምሩን ቲቸር መኩሪያ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ ብዙም አያልፍም፤ ፀጉራቸው ግን ነጭ ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት ከቤታቸው ተወስደው፣ ታስረው ከርመው ተፈተዋል። ለምን እንደታሰሩ የሚያውቅ የለም፤ ለምን እንደተፈቱም እንዲሁ። ከተፈቱ በኋላ አገቡ፤ በዚያ ሰሞን ሚስታቸው አራስ ነበሩ። አባቴ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእናቴ «ያ ሰው ሁለተኛ ከገባ አይወጣም» ሲል ሰምቻለሁ። የሰማሁትን ነገር ለሰው ሳልናገር የቀረሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቲቸር ሲያስተምሩ ግን እስር ቤት የገባ ሰው አይመስሉም ነበር። የጥንት ግሪኮችን ታሪክ ትናንት ማታ ከእነሱ ጋር እራት የበሉ አስመስለው ነው የሚያወሩት። አንድ ቀን እንዲህ አሉን፦

«አቴናዎች አንድ ሰው በጣም ኃይለኛ ሆኖ ካስፈራቸው አደባባይ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ሰው የሸክላ ስባሪ ያነሳና የሚፈራውን ሰው ስም ጭሮ ይጽፍበታል። ስሙ የበዛበት ሰው ለአሥር ዓመት ከሀገር ይባረራል። አይገረፍም፣ ንብረቱ አይወሰድም። ይሄዳል፣ በቃ። አንድ የጦር አዛዥ ነበር፤ ሀገሩን ከወራሪ ያዳነ። እሱንም አባረሩት።»

ይህን ብለው በሩን አየት አደረጉና ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ የቤት ሥራውን ሰጡን። «አቴና ጋዜጣ ቢኖራት ኖሮ ምን ይጻፍበት ነበር? በቡድን ሆናችሁ የግድግዳ ጋዜጣ ሥሩ። በጣም ያማረው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።»

የእኛ ቡድን አራት ነበርን። ጌታሁን የቡድን መሪ ነው፤ መሪ ያደረገው ማንም የለም፤ ከተወለደ ጀምሮ መሪ ነው። በየስብሰባው ፊት የሚቀመጥ፣ መፈክር ሲባል ከሁሉ በፊት እጁን የሚያነሳ ልጅ ነበር። ጀማል ሰዓሊያችን ነው፤ አባቱ ከወሎ መጥተው የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩ ሰው ናቸው። ቶላ ከወንጂ መንገድ እየተመላለሰ የሚማር፣ የራዲዮ ጋዜጠኞችን ድምፅ እያስመሰለ ሆዳችን እስኪቆስል የሚያስቀን ልጅ ነበር። እኔ ደግሞ ጸሐፊ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጀማል ግቢ፣ በአባቱ መኪና ጥላ ሥር ሰሌን አንጥፈን ጋዜጣችንን ጀመርን። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከአራታችን ጋዜጣ አንብቦ የሚያውቅ የለም። እኛ ጋዜጣ የምናውቀው ስኳር ተጠቅልሎበት ሲመጣ ነው። ስለዚህ ጌታሁን ከአጎቱ ቤት አንድ ሙሉ ጋዜጣ ተውሶ መጣና መሐል ላይ ዘረጋው።

«ጋዜጣ ማለት ይህ ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ዝም ብሎ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ሕግ አለው። ከላይ የጋዜጣው ስም። ከሥሩ በስተቀኝ የመሪው ፎቶ። ከፎቶው አጠገብ ትልቁ ዜና፣ የመሪው ዜና። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።»

«መሪያቸውስ ማነው?» አለ ጀማል እርሳሱን እየቀረጸ።

«ያ የጦር አዛዥ ነዋ! ሀገር ያዳነው» አልኩ እኔ።

ጀማል ሣለው። ኧረ እንዴት አድርጎ ሣለው! የብረት ቆብ ደፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ሩቅ ሩቁን እያየ፤ በጋዜጣው ላይ ያለው ፎቶ አቀማመጥ ሳይዛነፍ። ከዚያ ስሙ ላይ ደረስን። ቲቸር ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ስም አራታችንም ደብተራችን ላይ የገለበጥነው በአራት ዓይነት ነበር፤ የእኔው ራሱ ሲነበብ ማስነጠስ ይመስላል።

«ስሙ ይቅር» አለ ጌታሁን። «ማዕረጉ ይበቃል። ጋዜጣው ላይ ምን ይላል? ‹ጓድ ሊቀመንበር› ይላል። በቃ፣ ጓድ ሊቀመንበር በዪው።»

«ግሪክ አገር ጓድ አለ እንዴ?» አለ ቶላ።

«ጓድ የሌለበት አገር አለ?» አለ ጌታሁን።

ስለዚህ በዚያ ባማረው እጅ ጽሑፌ፣ በቀይ ፍሎማስተር፣ በትልልቁ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጓድ ሊቀመንበር በሰፊው ሕዝብ ድምፅ ለአሥር ዓመት ከሀገር ተባረሩ!» ከሥሩ ደግሞ «የአቴና ሰፊ ሕዝብ በከፍተኛ አብዮታዊ ስሜት ወደ አደባባይ በመትመም ጓድ ሊቀመንበርን በሸክላ ስባሪ አሰናብቷል» የሚል ዜና አስከተልኩ።

እንግዲህ ስሙኝ። አራታችንም በዚያ ሰሌን ላይ ተኝተን ይህን ጽሑፍ ደጋግመን አነበብነው። የታየን ነገር ቢኖር ማማሩ ብቻ ነው። እውነተኛውን ጋዜጣ ስለመሰለን በደስታ ልናብድ ነበር። «ቁርጥ ጋዜጣ!» አለ ጌታሁን።

ሁለተኛው ወረቀት የውጭ ዜና ሆነ፤ ስለ ስፓርታ። ሦስተኛው የገበያ ዋጋና ማስታወቂያ፤ «ንጹሕ የወይራ ዘይት መጥቶልዎታል» የሚል። አራተኛው ስፖርት። ቲቸር ኦሎምፒክ ላይ ሯጮቹ ራቁታቸውን ነበር የሚሮጡት ብለውን ስለነበር ጀማል እንደ ታሪኩ አድርጎ ሣላቸው። እናቱ ሻይ ይዘውልን መጥተው ሥዕሉን ሲያዩ ሲኒው ከእጃቸው ሊወድቅ ደረሰ። «አስተግፊሩላህ! አንተ ልጅ፣ በል ቶሎ አልብሳቸው!» አሉ። ጀማልም ለሁሉም ሰማያዊ ቁምጣ አለበሳቸው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ቲቸርን ለማስደነቅ ብለን ከሁሉ ቀድመን ክፍል ገባን። ከእናቴ ሰርቄ በወሰድኩት ዱቄት ሙጫ አፍልቼ ነበር። አፈላሉን ማን አሳይቶኝ? እንደ ገንፎ ወፍሮ ነበር የወጣው። ጥሩ አድርገን ለቀለቅነው። አንደኛውን ገጽ ከሰሌዳው አጠገብ፣ ሌሎቹን በተርታ፣ አራተኛውን ከኋላ ከበሩ አጠገብ ለጠፍን። ከዚያ ራቅ ብለን እያየን እርስ በርሳችን ተጨባበጥን።

ቲቸር ሲገቡ ሳቅ እያሉ ነበር። «እንግዳ እየመጣ ነው» አሉን። «ከአውራጃው ጎብኚዎች መጥተዋል፤ ክፍል ለክፍል እየዞሩ ነው። ተነሡ ሲባል ትነሣላችሁ፣ ሲጠየቅ...» ብለው ሳይጨርሱ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። መጀመሪያ ሥዕሉን አዩት። ከዚያ አርእስቱን። ከንፈራቸው ሲደርቅ አየሁት ብል ማጋነን አይደለም።

ቀስ ብለው ወደ ወረቀቱ ሄዱና ጫፉን በጥፍራቸው ያዙ። ሊልጡት ሞከሩ። የእኔ ገንፎ ግን ወረቀቱን ከግድግዳው ጋር አጋብቶታል፤ ከጠርዙ ጥፍር የምታህል ተቀደደች እንጂ ንቅንቅ አላለም።

«ማነው የጻፈው?» አሉ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ ቲቸር!» አልኩ፣ የምመሰገን መስሎኝ።

«አስቴር፣ እስቲ አሁን አንብቢው። አቴና ሆነሽ አይደለም፤ ናዝሬት ሆነሽ አንብቢው።»

አነበብኩት። ክው አልኩ። ያ አገጩን ቀና ያደረገ ሥዕል፣ ያ «ጓድ ሊቀመንበር»፣ ያ «ተባረሩ»! በሀገሩ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር በዚያ ማዕረግ የሚጠራው፤ የእሱንም መባረር ቀይ ቀለም ነክሬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ዓይኔ ላይ የመጣው ግን እኔ አልነበርኩም፤ የቲቸር አራስ ሚስት ናቸው። «ያ ሰው ሁለተኛ ከገባ አይወጣም» የሚለው የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጅ ወለምታስ በምን ይታሻል?

በሩ ተከፈተ። «ተነሡ!» አለ አንድ ድምፅ። ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ።

ዲሬክተሩ፣ ሁለት ጎብኚዎችና ጓድ ታምሩ ገቡ። ጓድ ታምሩ የአውራጃው ካድሬ ነው፤ ካኪ የለበሰ፣ ሽጉጡን የታጠቀ። ማንበብ የሚወድ ሰው ነበር፤ በተለይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ጣቱን እየጎተተ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነገር ሳያነብ አያልፍም ይባልለት ነበር። በሩ ከኋላ ስለሆነ መጀመሪያ ያገኘው አራተኛውን ገጽ ነው። እግዜር ይስጠው፣ በሩን ከኋላ ለሠራው ግንበኛ!

«ስ-ፖር-ት» አለ ጓድ ታምሩ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ። «የግሪክ ወጣቶች በኦሎምፒያ ሜዳ... ይህን የጻፈው ማነው?»

ቶላ ዘሎ ወጣ። የእኔን ፊት አይቶ ነገሩ ገብቶታል። እስከ ዛሬ ድረስ እንዴት እንደገባው አላውቅም። «እኔ ነኝ ጓድ! በድምፅ ላቅርብልዎት?» ብሎ ፈቃድ ሳይጠብቅ ጀመረ። «ክቡራን አድማጮቻችን፣ ሯጮቹ መነሻው ላይ ናቸው፣ ተነሡ፣ ያ ዋቃ! የአቴናው ልጅ ይመራል፣ የስፓርታው ይከተላል፣ አቧራው፣ አቧራው ዓይን አያሳይም...» ጓድ ታምሩ መጀመሪያ ፊቱን አኮሳተረ፤ ቆይቶ ጥርሱ ታየ። ጎብኚዎቹ ሳቁ። ሩጫው አንድ ዙር ነበር፤ ቶላ አያልቅም ብሎ ስንት ዙር እንዳስሮጣቸው እንጃ።

እኔ አንደኛው ገጽ ሥር ቆሜያለሁ፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ገጽ እንድናስረዳ ተከፋፍለን ነበር። ፍሎማስተሩ ኪሴ ውስጥ ነው። ልሰርዘው? ተሰርዞ ሲያይ ምን ነበር ብሎ ሊጠይቅ ነው። ልቅደደው? ሙጫዬ እንደሆነ ለነፍስ አባቱም አይላላ። ማጥፋት አይቻልም፤ መጨመር ግን ይቻላል። ከጋዜጣው ስምና ከአርእስቱ መሐል አንድ መስመር የሚያህል ባዶ ቦታ ነበረ።

ጓድ ታምሩ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሷል። «ንጹሕ የወይራ ዘይት...» ይላል። ጀማል የዘይቱን ጥራት ያስረዳዋል፤ ልጁ ወይራ ዘይት በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ እየማለ ነው የሚናገረው። ቲቸር መኩሪያ በዚህ መሐል አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተጠጉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ሸፈኑኝ። ምን ልሠራ እንደሆነ አላወቁም፤ ግን ሸፈኑኝ።

ፍሎማስተሩን ከፍቼ መጻፍ ጀመርኩ። ሲጻፍበት ሲጥ ሲጥ ይላል። ጌታሁን ሁለተኛው ገጽ ላይ ተራው ደርሶ ስለ ስፓርታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ንግግር ያደርግ ነበር። በዚያ ዕለት የዚያን ልጅ ጩኸት እንደ መዝሙር ወደድኩት። ጨርሼ ክዳኑን ስገጥም ጓድ ታምሩ አጠገቤ ቆመ።

ጣቱን አነሣ። ጽሑፉ ሥር አደረገና ያነብ ጀመር፦

«አድኃሪያን... የነዙት... የሐሰት... ወሬ፤ ጓድ... ሊቀመንበር... በሰፊው... ሕዝብ... ድምፅ...»

ቆመ። የቀረውን ድምፁን ሳያሰማ ጨረሰው። ሥዕሉን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ ጣቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ተመለከተው፤ ጫፉ ቀልቷል። ቀለሙ አልደረቀም ነበር።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኳቸው» አሉ ቲቸር መኩሪያ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ልጆቹ ያዘዝኳቸውን ነው የሠሩት። ጥያቄ ካለ ለእኔ ነው።»

ጓዶቼ ሆይ፣ ትልቅ ሰው ለልጅ ሲል ራሱን ወደ እሳት ሲያስገባ ያየሁት ያኔ ነው የመጀመሪያዬ።

«ልጅቷን ነው የጠየቅሁት፣ ጓድ መምህር» አለ ጓድ ታምሩ፣ ገና ምንም ሳይጠይቀኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ወሬው የሐሰት ነው ብለሻል። መልካም። እውነቱስ ምንድነው? ሊቀመንበሩ የት ሄዱ?»

እናቴ የምትፈራው አፌ ሳያማክረኝ ተከፈተ። «ለሥራ ጉብኝት ነው የሄዱት፣ ጓድ።»

«ለሥራ ጉብኝት?»

«አዎ፣ ጓድ። ወዳጅ አገሮችን ለመጎብኘት።»

«ለአሥር ዓመት?»

«በመርከብ ነው የሚሄዱት፣ ጓድ። ያኔ አውሮፕላን አልነበረም። ደግሞ በየሄዱበት ግብዣ አለ።»

ከጎብኚዎቹ አንዱ፣ ሸምገል ያሉት፣ በሳል አስመስለው ሳቃቸውን ዋጡ። ጓድ ታምሩ አልሳቀም። ቀዩን ጣቱን በመሐረብ ጠረገ፤ ቀስ ብሎ፣ አንዴ የቲቸርን ነጭ ፀጉር እያየ፣ አንዴ በቀለም የተበላሸውን የእኔን እጅ እያየ። ሞኝ አልነበረም። ሁሉም ገብቶታል ብዬ ዛሬ አምናለሁ። ምን አስቦ እንደሆነ ግን እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ምናልባት እሱም ቤቱ አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረችው።

«የአቀራረብ ጉድለት አለበት» አለ በመጨረሻ። «የሐሰቱ ወሬ በትልቁ ተጽፎ እውነቱ ግን ጭራሽ አልተጻፈም። እንደገና ይሠራ። እውነቱ በትልቁ ይጻፍና በአውራጃው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይዙር። ወጣቱ ይማርበታል።» ዞሮ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ሯጮቹን ደግሞ አያቸው። «ቁምጣቸው ጥሩ ነው» አለና ሄደ።

ሲወጡ ጌታሁን ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ቶላ ከሳቅና ከለቅሶ መሐል የሆነ ድምፅ አወጣ። እኔ ግን ቲቸርን ነበር የማየው። የሚያቅፉኝ፣ ግንባሬን የሚስሙኝ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግንባሬን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሰሌዳው ዞረው ትምህርታቸውን ጀመሩ።

ደወል ተደውሎ ሌላው ተማሪ ሲወጣ አራታችንን አስቀሩን። በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ተባረኩ» አሉ። «ዛሬ ማታ ልጄን የማቅፈው በእናንተ ነው። ይህን እስክሞት አልረሳውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አስቴር፣ ለዚህ ሥራ ዜሮ ነው የምሰጥሽ።»

ቀልድ መሰለኝ። ፊታቸውን ሳይ ግን ቀልድ የለም። «ቲቸር! እርስዎን ለማዳን ነው እኮ!» አልኩ። እንባዬ መጣ።

«አውቃለሁ። ምስጋናው ሌላ ነው፣ ማርኩ ሌላ ነው። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ሰውየው ተባሯል፤ አንቺ ጉብኝት ሄዷል ብለሻል።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔን ሲወስዱኝ ለእናቴ ምን እንዳሏት ታውቂያለሽ? ‹ለሥራ ክፍለ ሀገር ተልኳል› አሏት። እውነቱን ቢነግሯት ታለቅስ ነበር። ግን ፈልጋ ታገኘኝ ነበር፣ ስንቅ ታመጣልኝ ነበር። እሷ አውቶቡስ ተራ እየሄደች ከየመኪናው የሚወርደውን ሰው ስታይ ከረመች። ስፈታ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹አንድ ደብዳቤ እንኳን አትጽፍም?› ብላ ተቆጣችኝ። እስከ ዛሬ ተቀይማኛለች።»

ጀማል መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«እውነቱን ብነግራትም አታምነኝም» አሉ ቲቸር። «መንግሥት ነው የነገረኝ ትላለች። በይ አሁን ንገሪኝ አስቴር። በሩ ተዘግቷል። የአቴናው ሰውዬ ምን ሆነ?»

«ተባረረ» አልኩ።

«ማን አባረረው?»

«የራሱ ሰዎች፣ ቲቸር። በሸክላ ስባሪ። ፈርተውት።»

«እንዲህ ነው» አሉ። መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡኝ። «ዜሮው ግን አይነሣም።»

አልተነሣም። ካርዴ ላይ የወረደውን የታሪክ ውጤት ለአባቴ ሳሳይ ምክንያቱን መናገር ስላልቻልኩ ጥሩ አድርጎ ተቆጣኝ። ጋዜጣውንም በታዘዝነው መሠረት በአዲስ ወረቀት ገለበጥነው። «ጓድ ሊቀመንበር በወዳጅ አገሮች የተሳካ የሥራ ጉብኝት በማድረግ ላይ ናቸው!» ይላል አርእስቱ፤ ከሥሩ የመርከቡም የአሥር ዓመቱም ነገር አለ። ቲቸር ሲያዩት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋዜጣችን በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ሞጆ፣ ወደ መቂ፣ ወደ ዝዋይ ሄደ፤ እኛ ያልሄድንበትን ሁሉ ዞረ። ቲቸር መኩሪያ ሁለተኛ አልታሰሩም። ሌሎች ልጆችም ወለዱ፤ ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ማን ትክክል ነበር ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ያንን ቀን ብትመልሱልኝ ያንኑ ውሸት እዋሻለሁ፤ ቅንጣት አላመነታም፤ ሰው ከታሪክ ይበልጣል። ግን ያ ዜሮ ባይሰጠኝ ኖሮ የማድገው ያ ቀን በብልጠቴ ያሸነፍኩበት ቀን ነው እያልኩ ነበር። አፌ የት ያደርሰኝ ነበር? በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት አፍ ተፈላጊ ነበር፤ ሹመትም ነበረው። እኔ ግን ለሰው ብዬ የዋሸሁትን ለራሴ እውነት ብዬ እንዳልቆጥረው አንድ ሰው በሩን ዘግቶ አስተማረኝ። የታሪክ አስተማሪ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ልጆቼን «ውሸታችሁን ስታውቁት አንድ ችግር ነው፣ ስትረሱት ግን ሁለት ነው» የምላቸውም ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሰልችቷቸዋል።

ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ዝዋይ ላይ የመምህራን ስብሰባ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እየበላን ከአዳሚ ቱሉ የመጣ አንድ ጎበዝ አስተማሪ ስለ ግሪኮች አነሣ። ጠረጴዛው ሁሉ ያዳምጠዋል።

«አቴናዎች መሪያቸውን በጣም ያከብሩ ነበር» አለ። «ለምሳሌ አንድ ሊቀመንበር ነበራቸው፤ በመርከብ ለአሥር ዓመት የሥራ ጉብኝት ሲሄድ ቦታውን ጠብቀው ቆይተውታል። ዛሬ ማን እንዲህ ያደርጋል?»

ዓሣው አነቀኝ። ጀርባዬን እየደበደቡ ውኃ አጠጡኝ። ሳቄ እንባዬን አስከትሎ መጣ፤ ቆይቶ ደግሞ ሳቁ ቆመና እንባው ብቻ ቀረ። ጉንጬን ጠርጌ ወደ ልጁ ዞርኩ።

«የኔ ወንድም» አልኩት፣ «ሰውየው ጉብኝት አልሄደም። ተባሯል። የገዛ ሕዝቡ ነው ያባረረው።»

ልጁ በትሕትና ፈገግ አለ፤ ያላወቀ ሽማግሌ እንደሚያርም ሰው።

«ይቅርታ እትዬ፣ ተሳስተዋል» አለኝ። «እኔ ልጅ ሆኜ በጋዜጣ ላይ ወጥቶ አንብቤዋለሁ።»